ቀለበት ገዛሁ

ለጦይባ ደውዬ «ቀለበት ገዛሁ» ስል፣
ሳልጨርስ አቋርጣኝ ቤቱን አቀለጠችው በእልል።
«ወርቅ ነው? ስንት ካራት? ማነው ያሰረልሽ?»
«የጎማ ነው» አልኋት፤ «አርብ ትለኪዋለሽ።»

ሻርጃ፣ ሮላ ሰፈር፣ ከባሺር ሱቅ ገባሁ፣
ከሳሙናው አልፌ መጫወቻ አነሳሁ።
መጀመሪያ ያየሁት ድፍኑ ነበረ፣
ነጭ ሆኖ ጠርዙ በወርቅማ ያማረ፤
ገልበጥ አድርጌ አየሁት፣ መልሼም አኖርሁት፤
ሳህን ይመስላል፤ ሳህን ደግሞ ታከተኝ፣ ጠገብሁት።
ሰባት ሰው በሦስት ጊዜ፣ ሾርባው ለብቻው፣ ሩዙ ለብቻው፣
እንግዳም አለ ማታ፤ ሒሳቡን ማን ቻለው።

ሁለተኛው ደረቅ ፕላስቲክ፣ ጠርዙ ስል፣
ጥፍር ለመንቀል እንጂ ለጨዋታ አይመስል።
ሦስተኛው ወፍራም ነው፣ ከብዶ የሚረግጥ፣
ቢወረወር እንደ ድንጋይ ወርዶ የሚሰምጥ።

አራተኛው ይኸው፦ ክፈፍ ብቻ፣ መሀል የለው፣
ጠርዙ ለስላሳ ጎማ፣ ጣት ቢያገኝ የማያቆስለው።
በቀዳዳው አሾልቄ ባሺርን አየሁት፣
እሱም አየኝና ሳቀ፤ ክንዴን አስገባሁበት።
ቢጫውን አሸዋ ይውጠዋል፣ ሰማያዊውን ባሕር፤
ብርቱካኑ ግን ይታያል፣ የትም ቢወድቅ ቢሰወር።

«ለማጂድ ነው?» አለኝ፣ የቤቱን ልጅ ያውቃል፤
«ለማጂድማ አለው፣ ያለው ሞልቶ ይወድቃል።
ለኔ ነው።» ባሺርም ዐይኔን ቆይቶ አየና፣
አስራ ሁለቱን ድርሃም ዘጠኝ አረገና፣
በስስ ፌስታል ከተተው፣ ምንም ሳይናገር፤
እኔም ቸገረኝ መልስ፣ ከሹክራን ሌላ ነገር።

አርብ፣ ከአስር ሶላት ኋላ፣ አል-ኻን ባሕር ዳርቻ፣
ሰው አለ ሞልቶ፤ ለኛ ግን፣ እኔና ጦይባ ብቻ።
የመጀመሪያው ውርወራ ሽቅብ ወጣና ቆመ፣
በነፋሱ ተገልብጦ ኋላዬ ተጋደመ።
ሁለተኛው ወደ ባሕር፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባሁ፣
አባያዬን ሰብስቤ ከማዕበል አፍ አወጣሁ።

ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ።
ክንድ አይደለም ሥራው፣ አንጓ ነው የሚያበር፤
አግድም ይያዝ፣ እንደ ሞላ ሳህን፣ ጠብ ሳይል አንዳች ነገር፣
(ይኸው መጣ፣ ሳህን!)
ከወገብ ይነሳና፣ ፎጣ ሲራገፍ እንዳለው፣
ጧ አርጎ መልቀቅ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ የራሱ ነው።
ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ፣ ዝቅ አርጎ መስደድ፤
ከጀርባ ከገፋም ተወት፣ እሱ ይወቅ መንገድ።
የሚቀልበው አይሩጥ፣ ቆሞ ይጠብቀው፤
መሀሉ ባዶ አይደል፣ በክንዱም ያጥልቀው።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ ጦይባ።
«ዘጠኝ ዓመት የማዳም ፎጣ፣ ሰቀላና አጠባ።»

ከዚያ ለቀቅሁት።
ዝቅ ብሎ ሄደ፣ አሸዋውን ሊስም ምንም አልቀረው፣
ደግሞ ብድግ አለ፣ ማን ነው ብድግ ያረገው?
በቀዳዳው ውስጥ ባሕሩ አለፈ፣ ሕንጻዎቹ አለፉ፣
ቆማ የነበረች መርከብ፣ ወፎችም እየከነፉ።
እኔ በአውሮፕላን ስመጣ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር፤
ገና አሁን አየሁት አንድ ነገር ሲበር።

ጦይባ ዘረጋች እጇን፤ አመለጣት፤ በራሷ ወርዶ
አንገቷ ላይ አረፈ፣ እንደ ድሪ ለምዶ።
እልል አለች እንደገና፤ ዘወር አሉ ሰዎቹ፤
«ታሰረልኝ!» ስትል ሳቁ፣ ቋንቋ ሳያውቁ ልጆቹ።

መግሪብ ሲደርስ ብርቱካኑም ጠቆረ፤
ሰዓቴ አለቀ። አሸዋው ፌስታሉ ውስጥ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀኝ አንጓዬ ያመኛል፤
የካውያው ሕመም አይደለም፤ ይሄኛው ደስ ይለኛል።
ሳህን አጥባለሁ፣ አራተኛው ይሁን አምስተኛው፣
ነጭ፣ ጠርዙ ወርቅማ፣ ለእንግዳ የሚወጣው።
አረፋው ሲንሸራተት እጄ ሳላዘው ዞረ፣
ሳህኑ ከወገቤ ተነሳ፣ አየር ላይ አግድም ቀረ፣
ነፋስ የሚጠብቅ ይመስል…

ማዳም በሩ ላይ ናት።
ማድረቂያው ላይ አኖርሁት፣ በቀስታ፣ ኮሽ ሳይል።