የወረቀት መርገጫ

ሣጥኑን ከጭነት መኪና ስድስት ሆነን ነው ያወረድነው፤
ላንዡ ላይ አቧራ ይነፍሳል፣ ጥርሳችን መሃል አሸዋ ነው።
ገመዱን ፈታን፤ ሁለት ድርድር ቁልፍ፣ አንዱ ባንዱ ትከሻ፣
ከሥር የእግር መርገጫ፣ ሶኬት ከወደ መጨረሻ።

የፒያኖው መምህር ሳቀ፦ «ይሄማ የልጅ መጫወቻ!
ሶኬቱን ስትነቅሉት የሚሞት፣ የጣውላ ሬሳ ብቻ።»

ኦውያንግ ሩዪ አልሳቀችም። ገና ከትምህርት ቤት የወጣች፣
እናቷ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኮት ላይ ቁልፍ እየተከለች
ያሳደገቻት። እሷም እንግዲህ ቁልፍ ወረሰች፤ ግን ለካ
ይሄኛው ኮት አይቆልፍም፣ በር አይከፍት፤ ብቻ ሲነካ
መለከት አለ፣ ዋሽንት አለ፣ ሆዱ ውስጥ ከበሮ አለ።

አንድ መሣሪያ፣ ሠላሳ ልጅ። ተራው በሳምንት አንዴ፣
ለዚያውም ሩብ ሰዓት። «እግሬ በዚህ ይለምዳል እንዴ?»
አለ አንዱ። ከግምጃ ቤቴ የስሚንቶ ከረጢት ለመነችኝ፤
በጥቁር ቀለም መርገጫ ሣለች፣ ጫፉን እኔን አስያዘችኝ።
ወለሉ ላይ በሚስማር መታነው። ልጆቹ በካልሲ ረገጡት፣
ድምፁን ባፋቸው እያወጡ፣ እስኪበጣጠስ ረገጡት።

ዛሬ አዳራሹን ብታዩት! አርባ መሣሪያ ተደርድሯል፣
አርባ ልጅ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቷል።
ወላጅ ደጅ ላይ ቴርሞስ ታቅፎ የፈተና ደረጃ ይቆጥራል፤
«የኔዋ ስድስተኛ» ይላል አንዱ፤ ሌላው «ስምንተኛ» ብሎ ያሳርራል።
አርባ ኦርኬስትራ ይጮኻል፤ ክፍሉ ግን ጭጭ ያለ ነው፣
የሚሰማው የጥፍር ኳኳታ፣ የጫማ ኮሽታ፣ ሳል ነው።
ሩዪ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ በመሃል ታልፋለች፤
ማን እንደሳተ ከእግሩ ታውቃለች።

ማክሰኞ ዕለት መብራት ሄደ። ቀያዮቹ ነጥቦች ጠፉ።
ሠላሳ ዘጠኙ እጅ አነሡ፤ እየተሳሳቁ ተላፉ።
እኔ መሰላል ላይ ነኝ፤ የተቃጠለውን ፊውዝ ነቅዬ፣
ባትሪዬን በጥርሴ ነክሼ፣ አዲሱን በእጄ አንጠልጥዬ።
የጎሚስታው ልጅ፣ ፉ ዢያኦማን፣ አላቆመችም።
በሞተው ቁልፍ፣ በሞተው መርገጫ፤ ዐይኗንም አልገለጠችም።

ሩዪ ጉልበቷን ይዛ በርከክ አለች፣ ከልጅቱ ጫማ አጠገብ፤
ጆሮዋን ሰጠች፣ ከወለሉ ላይ ደብዳቤ እንደሚያነብ።
ሲያልቅ ማዳመጫውን ቀስ ብላ ከልጅቱ ጆሮ አነሣች፦
«ግራ እግርሽ» አለቻት፣ «ሦስተኛው መስመር ላይ ዘገየች።
እስቲ ከመጀመሪያው።»

ፊውዙ እጄ ላይ ነበር።
አልቸኮልኩም።