ሰባት ሶል

በሰሜን ባሕር ጠረፍ፣ በእንግሊዞች ወደብ ላይ፣
በጥር ብርድ፣ ገና ሳይለይ ውሃ ከሰማይ፣
ኤድና ክላክስተን፣ የዓሣ ጨረታ ጸሐፊ፣
ጠረጴዛዋ ጠባብ፣ መዝገቧ ሰፊ፣
ሬዲዮኑን ከፈተች። ያስላል፣ ያቃስታል፤
አንድ ቃል ሲያቀብል ሦስት ቃል ይውጣል።

«ተርክትል ነኝ... ነፋሱ... መረቤ ተበጠሰ...
ሰባት ሶል አለ ጀልባዬ ላይ...» ከዚያ ድምፁ ኮሰሰ።

ሶል ጠፍጣፋ ዓሣ ነው፣ አሸዋ ለብሶ የሚተኛ፣
ሁለት ዓይኑ ባንድ ጎን፣ አፉ ጠማማ፣ እንደ ምቀኛ።
ሶል የጫማም ነው፤ ይህን እኛም እናውቀዋለን፣
ሲያልቅ ለሊስትሮ ሰጥተን እናስለውጠዋለን።
ሶል ደግሞ ነፍስ ነው።
ጆሮ አይለየውም፤ ፊደል ነው የሚለየው።
ፊደል ደግሞ በዚያ ሰዓት፣ ማዕበል ላይ፣ የለም፤
ሰው ሲሰጥም በፊደል አይጮኽም።

ኤድና ሳቀች። «ሆራስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተንከራተህ፣
ሰባት ዓሣ ብቻ ይዘህ ልትገባ ነው ቤትህ?»
በመዝገቧ አምድ፣ ጥርት አድርጋ፣ በቀይ እርሳስ፣
«ሶል — ሰባት» ጻፈች፤ ዋጋውን ተወችው፣ ጨረታው እስኪደርስ።
ሻይ ቀዳች። ስኳር ሁለት።

ሃያ ደቂቃ ሄደ።
ከዚያ ሬዲዮኑ አንዴ ጠራ፤ ልጅ እግር ድምፅ፣ «እናቴ» የሚል፣
ከዚያ በዘይት የሚጠበስ ነገር የመሰለ ሽርርታ፣ ከዚያ ምንም የማይል።

መዝገቡን አየች። ሰባት።
እናቴ የሚል ዓሣ የለም።

ሮጠች፤ ደወሉን ደወለች፤ ነፍስ አድኗ ጀልባ ወጣች፤
ሦስት አመጣች፣ አራት አጣች።
ካራቱ አንዱ ሆራስ ነበረ።

በመጋቢት ምርመራ ሆነ። ዳኛው መነጽሩን ወልውሎ፣
«ምን ነበር ያለሽ፣ ቃል በቃል?» ብሎ
ጠየቃት። «ሶል» አለች።
የችሎቱ ጸሐፊ ብዕሩን አንሥቶ፣ ቀና ብሎ፣ በትሕትና፦
«በየትኛው ፊደል ልጻፈው፣ ወይዘሪት ኤድና?»

መልስ አልነበራትም።

ከዚያ ወዲህ ገበያው ውስጥ፣ እሷ ባለችበት፣
ያን ዓሣ በስሙ የጠራው የለም፤ «ጠፍጣፋው» አሉት።
መዝገቡ ግን ተቀምጧል። በዓሣው አጻጻፍ፣ «ሶል — ሰባት»፤
የዋጋው ቦታ ባዶ እንደሆነ፣ እንደዚያ ጠዋት።

እኔም ይህን ስጽፍ ከራሴ ፊደል ተጣላሁ።
የእነሱን ጆሮ ያሳተ፣ የእኔን ዓይን ሲያስት አየሁ፦
«ሆራስ አለ» ብዬ ጻፍኩና እጄ ተሳሰረ።
ላልቶ ሲነበብ፣ ተናገረ።
የተናገረው ደግሞ ያው ነው፣ ያለቀ፣ ያለፈ።
ጠብቆ ሲነበብ ግን፣ አለ፤ ጀልባው ላይ፣
ቆቡን እንደደፋ፣ መረቡን እንዳቀፈ።

ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚለይበት ነጥብ የለው፤
አንባቢዬ፣ እባክህ፣
አጥብቀህ አንብበው።