ስንዝር

«ሕመምህን ጻፍልኝ» አለች ጠበቃ ኢፍቱ፣
«በብር፣ በቁጥር፤ እንዲታይ ክብደቱ።»
የጅማ ሆስፒታል ደረሰኝ ሰጠኋት፣
የመርፌ፣ የፋሻ፣ የባጃጅ ጨመርኩላት።
ያልተኛሁት ሌሊት ደረሰኝ የለውም፤
ኪሴን ብገለብጥ አንድም አልወጣም።

እኔ ለካሁ እንጂ መች ተለክቼ አውቃለሁ?
ዋንዛውን በስንዝር እየመተርኩ አድራለሁ።
ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ፣ እሷ ነበረች ሜትሬ፣
ሃያ ዓመት በርጩማ ስጠርብ ኖሬ።

ሄርማታ ገበያ፣ አዌቱ ድልድይ ላይ
አይሱዙው ወደ ኋላ መጣ፣ እኔን ሳያይ።
አውራ ጣቴ እዚያው ቀረ፣ ከብረቱ ላይ።

ሹፌሩ ልጅ እግር ነው፣ ረሻድ የሚሉት፤
ብርቱካን ይዞ መጥቶ ደጄ ላይ አለቀሰ፤
በደህናው እጄ እንባውን ጠረግሁለት።
ይሄስ በማን ሒሳብ ይያዝ?

ባለ መኪናው ግን ሽማግሌ ላከ፣
«የአላህ ቀደር ነው፣ ተወው» እያለ ሰበከ።
ቀደሩን አልካድኩም።
የጠየቅሁት ፍሬኑን ነው።

ሁለት ክረምት፣ ዘጠኝ ቀጠሮ።
ዳኛው አነበቡ፦ ለሕክምናው ይሄን ያህል፣
ለቀረው ገቢ ይሄን ያህል፣
ለሕሊና ጉዳት አንድ ሺህ ብር።
«ሕጉ ከዚህ አያልፍም» አሉ፤
ያፈሩ መሰለኝ።

ትናንት ልጄ ሂክማ እጇን ዋንዛው ላይ ዘርግታ
«በኔ ስንዝር ለካው» አለችኝ።
ለካሁት።
በሷ ስንዝር ሆኖ በርጩማው አጠረ፤
ደንበኛው ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ደረሰ፣
ሳቀ፣
ከዚያ ዋጋ ተከራከረ።