የግራ ጓንት

አሥራ አንድ ቁጥር ትራም ከበርግሾን ተነሥቶ፣
ጎተንበርግን ሰንጥቆ፣ ዝናቧን ጠጥቶ፣
ሳልትሆልመን ይቆማል፣ ባሕሩ ሲያግደው።
ሃያ ስድስት ዓመት አባቴ ነው የነዳው።

ስሙ አስራደ ነበር። ዴፖ ግን ተቆርጦ
«አስሪ» ሆነ። አልከፋውም።
«ቀሪውማ» አለኝ አንድ ማታ፣
ከጫማው በረዶ አራግፎ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ፣
«እናንተው ዘንድ ነው ያለው፤ ሲመሽ እመጣለሁ፣
ሙሉ ስሜን ከእናትሽ፣ ከበር ላይ እወስዳለሁ።»

ጀግና አልነበረም። ጥርስ ሐኪም ይፈራል፤
በስዊድንኛ ሲቆጣ ግሱ ይጠፋበታል፤
እሑድ ገንፎ ሲያገነፋ ሰዓት ያያል፣ እንደ ትራም፤
«ሁለት ደቂቃ ዘገየሁ» ይላል፤ የጠየቀው ሰው ግን የለም።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የካቲት፣ ብርዱ እንደ መርፌ።
ቀይዋ ጓንቴ ጠፋች፣ የግራዋ፤
የት እንደ ጣልኳት ሳላውቅ አልፌ።
ውድ አልነበረችም። አለቀስኩ ግን፤ ያኔ
ዓለም የምታህለው አንዲት ጓንት ናት ለእኔ።

ማታ መጣ። ኮቱ ረጥቧል። እጁን ከኪሱ አወጣ፤
«ከወንበር ሥር አገኘኋት» አለኝ፣
«አንቺን ፍለጋ ስትመጣ።»
አመንኩት። ለምን አላምን? የጠፋ ነገር በሙሉ
በአባቴ ትራም ተሳፍሮ ወደ ቤት ይመጣል፤
ይህ ነው የዓለም አመሉ።

ጡረታ ወጥቶም ያንኑ መስመር አልተወም።
ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ሶልያናን ይዞ፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ
ከሾፌሩ ጀርባ ይቀመጣል፤
እግሩ ግን ባየር ላይ ፍሬን ይረግጣል፣ እንደ አሽከርካሪ።
ትንፋሽ በሸፈነው መስኮት ላይ በጣቱ
«ሀ» ይጽፍላታል፤ «ሁ» ላይ ሲደርስ
የ«ሀ» እግር ይረዝማል፣ ይፈሳል በቁመቱ።
«አባባ፣ ፊደልህ አለቀሰ!»
«አላለቀሰም፣ የኔ እናት፤ ባሕሩን አይቶ ነው፤ ደረሰ።»

በኅዳር ሞተ፣ ማክሰኞ። ነርሷ መስኮቱን ከፈተች።
ሶልያና የግድግዳውን ሰዓት አየች፤
«አልዘገየም» አለች።

ከአርባው በኋላ ቁም ሣጥኑን ስናጸዳ፣ ከታች
የጫማ ካርቶን አገኘን፣ በላስቲክ የታሰረች።
ውስጧ የልጄ የወተት ጥርስ፣ የደበዘዘ ትኬት፣
እጀታው የተሰበረ መነጽር፤
ከሥር ደግሞ ቀይ ጓንት። የቀኝ። አዲስ።
ከነዋጋ ወረቀቷ፣ ከነክር።

ቆምኩ። እንደ ሕፃን በጣቴ ቆጠርኩ።
የኔዋ ቀኝ አልጠፋችም፤ እጄ ላይ ነበረች፤ ታዲያ ይቺስ?
ሱቅ አንድ እጅ አይሸጥም፤
ጥንዱን ገዛ። ይሄ ደግሞ እስከ ዛሬ አልታየኝም።
ግራዋን ሰጠኝ «አገኘኋት» ብሎ፤
ቀኟን ሠላሳ አንድ ዓመት ደበቃት፣
ከላስቲክ ሥር ጠቅልሎ።

ያን ማታ አርፍዶ ነበር። እናቴ ራቱን ሁለቴ አሞቀች።
አሁን ነው የታየኝ፦
ሱቁ ሊዘጋ ሲል፣ በዩኒፎርሙ፣ በዝናብ
የሚሮጥ ሰዓት አክባሪ ሰው፤ እጄን እንዳይበርደኝ።

ሶልያና ጓንቷን ወሰደች፤ አጠለቀቻት፤ ልክ ሆነች።
ጣቶቿን ዘርግታ አየች፣ አገላበጠች።
«ግራዋስ?» አለች።

ከውጭ፣ ከቁልቁለቱ፣ የሐዲዱ ድምፅ ይሰማል።
«ትራም ላይ ናት» አልኳት፤ «እየመጣች።»