የካቡ ሆድ

ብራች ደሴት ላይ፣ ከወይራው ተረተር፣
ዬርኮ ካብ ይክባል፣ ጭቃ ሳይጨምር።
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ሲንቋቋ
ድንጋይ ያባብላል በድንጋዩ ቋንቋ።
እኔ የቀን ሠራተኛ፣ ጠጠር አቀባይ፣
ካብ ላይ ከድንጋይ ሌላ ነገር የማላይ።

አንድ ማታ መጣ፣ እራቱን ሳይጨርስ፣
«ተነሥ» አለኝ፣ «ተነሥ፤ ካብ አለ የሚፈርስ።»
ቡራ ጥሎት መስሎኝ፣ ያ የክረምት ነፋስ፣
ጫማዬን ሳላስር ሮጥኩ ከቦታው ድረስ።
ካቡ ግን ቆሟል።
ቀጥ ብሎ ያምራል።

እጁን በስንጥቁ ሰደደ እስከ ክንዱ፣
አፈር ዘግኖ አወጣ ከካቡ ከሆዱ።
«ሰባት ዓመት ሆነው» አለ፣ «ዝናብ ነበር፤
ሆዱን በጠጠር ፈንታ ሞላሁት በአፈር።
ቸኩዬ ነው…» አለና ዝም አለ።
«ማንም አላየኝም።» ፋኖሱ ዋለለ።

ጎረቤቱ ማቴ በማለዳ መጣ፣
«የቆመ ካብ ማፍረስ ምን የሚሉት ጣጣ!
ሰባት ክረምት ችሏል፤ ማን ጠየቀህ?» አለው።
«ግራና ቀኙ ናቸው ያቆሙት፤
እሱማ ተደግፎ ነው።»

ሦስት ሳምንት ፈጀን። አንዱን ጠፍጣፋ ድንጋይ
ዐሥር ጊዜ አገላብጦ፣ ዐሥር ጊዜ ሲያይ፣
«ፊቱ ይኼ ነው? ወይስ ይኼ?» እያለ
ፀሐይ ባሕር ገባች፣ እሱ እዚያው እንዳለ።

አልጨረስነውም። ሁለት ክንድ ሲቀረን ክረምት ደረሰ፤
ቡራው ነፈሰ።
በሌሊት ካልጋዬ ነፋሱን ስሰማ
እጄን ሆዴ ላይ ጣልኩ በዚያ ድቅድቅ ጨለማ፤
ጠጠር ይሁን አፈር ለይቼ አላወቅኩ፤
ሳይነጋ ተነሣሁ።
ጫማዬን አሰርኩ።