ገጽ አርባ አንድ

ትሮንድሃይም፣ ኅዳር። በዘጠኝ ሰዓት መሽቷል፤
ኒደልቫ ከድልድዩ ሥር ጥቁር ሆኖ ይወርዳል።

ቶርዲስ በአንዲት እኩልታ ስድስት ዓመት የጠየቀችው፦
ለስልሶ የተነሣ ማዕበል ለስልሶ ይዘልቃል?
ወይስ አንድ ቀን፣ አንድ ነጥብ ላይ፣
ቁልቁለቱ ልክ ያጣል?

ትናንት ሌሊት፣ ገጽ አርባ አንድ ላይ፣
በጥፍር በምትሸፈን አንዲት ምልክት
«ያንሳል» ያለችው «ይበልጣል» ሆነባት።
ስለ ውሃ የጻፈችው ሁሉ
ውሃ አላነሣም።

አላለቀሰችም። ወረቀቱን አጥፋ ድልድዩ ላይ ቆመች፤
ዳክዬ አልፋ የተወችው ስንጥቅ
ይሰፋል፣ ይሰፋል፣
ዳር ደርሶ ይጠፋል፤
ምንም ሳይሰበር።

«አንተማ ምን አለብህ!» አለችው ወንዙን፤
«መልሱን ትፈሰዋለህ፣ ማስረጃ ማን ሊጠይቅ።»

ነገ ከገጽ አርባ።