ቀፎ

ጋሽ እንግዳሸት መጣ፣ በጥቅምት ማለዳ፣
ካፖርቱን ቆልፎ፣ ካፉ ጉም ሲቀዳ፤
ከብብቱ አወጣ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
አንድ የዋንዛ ጉማጅ፣
ግማሹ መርከብ ሆኖ፣ ግማሹ ግንድ መስሎ።

«ዐሥራ አንድ ዓመት ጠረብኩ፣ በዚች ሰንጢ ስለት፤
ጎኗ ላይ ስደርስ ነው፣ እጄ የከዳኝ ለት።
አንቺ ልጅ፣ ትርሲት፣ ያ ማሽንሽ ይችላል?
የመርከብ ቀፎ ነው፤ ሌላው ይቀጠላል።»

ቀፎ ሲል ሳቅሁበት። እኔ የማውቀው ቀፎ፣
አንኮበር የቀረው፣ ግራር ላይ ታቅፎ፣
በእበት የተለሰነ፣ ንብ የሚያርፍበት ነው።
«ያም ቀፎ፣ ይሄም ቀፎ» አለኝ፣
«ይቺን የሚያንሳፍፋት፣ ባዶ ሆዷ ብቻ ነው።»

ንድፍ የለም። አንድ ፎቶ፣ ጥጉ በአይጥ የተበላ፣
ነጭ ለብሶ ቆሟል፣ ከመርከቧ ኋላ።
የቀረው በቃል ነው፦ «እዚህ ጋ ታብጣለች፤
እዚህ እንደ ሚዳቋ፣ አንገቷን ታቀጥናለች።
ኧረ ተይ፣ አታስፊያት፣ የጤፍ ጎተራ አይደለች!»
አራት ቀን በሙሉ፣ በማውስ ስስብ ስገፋ፣
ባምስተኛው «እሷ ናት» አለ፤
ኮፍያውን አወለቀ፤ ድምፁ ጠፋ።

ከዚያ ማሽኑ ጀመረ።
የፕላስቲኩ ክር፣ እንደ ሰም ሲፈስስ፣
አንድ መስመር ጥሎ፣ በላዩ ሲመለስ፣
«አየህ ጋሽዬ?» አልሁት፣ «ከሆዷ ውስጥ ገብቶ
የማር እንጀራ ይሠራል፣ እንደ ንብ ተግቶ።»
ዝም ብሎ አየ። ንብና መርከብ፣
አንድ ስም የተዋሱት ለካ ያለ ነገር አልነበረም።

የፊተኛዋን ግን፣ ውርጩ ቆለመማት፣
ፀሐይ እንደበላው፣ ቁርበት አጣመማት።
በማግስቱ ጋሽዬ፣ ባናውን አመጣ፣
የመንዝ ጥቁር ሱፍ፣ የበግ ጠረኑ ገና ያልወጣ።
ማሽኑን ጀቦነው፣ እንደ አራስ፣ እስካፍንጫ፤
እሱ ወንበር ላይ ተኛ፣ በካፖርቱ ብቻ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ወገቧ ላይ ደርሶ፣
መብራት እልም አለ፤
በብርሃን የሚጠራ ከተማ፣ ጨለማ ለብሶ።
ማሽኑ ዝም፣ እኔ ዝም። ከጥጉ አንድ ድምፅ፦
«ባሕር ላይ ሞተር ሲጠፋ፣
ዝምታው ነው እንጂ፣ ማዕበል አይከፋ።
አንድ ሌሊት እኛ...» አለና አልጨረሰውም።
እኔም አልጠየቅሁም።

ንጋት ላይ ቀጠለ። ግን ካቆመበት ላይ
ስፌት ቀረ ዙሪያዋን፣ በጣት የሚለይ።
ስቱኮ በጥብጬ፣ የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ስነሳ፣
እጄን ያዘ፦ «ተይው!»
አውራ ጣቱን አስጠግቶ ለካ፤ ከታች፣ ከላይ፤ ደግሞ ለካ።
«የውኃዋ ልክ ነው። በዚህ በታች ቀይ ቀለም፣
ከዚህ በላይ ግራጫ። ማንም እንዲህ አድርጎ አይስልም።»

ሳፋ ውኃ ሞላን። አኖርናት፤ ተንጋደደች፤
እንደ ሰከረ ሰው፣ ወደ ግራ ሄደች።
አንድ ብሎን ጣለባት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰባት፤
በሰባተኛው ላይ
ውኃው ስፌቱን ነካ፤ አልሞላ፣ አልጎደላት።

አላጨበጨበም። በጣቱ ብቻ ገፋት፣
ከሳፋው ጠርዝ እስከ ጠርዝ፣
ደግሞ መልሶ፣ እየተከተላት።

ሲመሽ ካፖርቱ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ሸጉጧት፣
ነፋሱን ሊጋፈጥ፣ በሩን ከፈት አርጎ፣
«ባናህን!» ብለው፣ ዞር ብሎ ሳያይ፣
«ይቆይ፤ ማሽኑ ይልበሰው» አለ፣
«ሁለት ጀልባ ይቀራል።»